የልደታ ዝናብ አንድምታ

መቅድም።

የአንድምታ መምህራን ንባቡን ያስቀድማሉ፤ ቀጥለው ዘይቤውን ይፈታሉ፤ ከዚያ «አንድም» እያሉ ምሥጢሩን ያወርዱታል። ሁለተኛው ፍቺ የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ ሦስተኛውም ሁለቱን አያስነቅፍም። በልደታ ማርያም ሰማይ ሥር የሚወርደውን ዝናብ ወር በወር ለማንበብ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ምነው ቢሉ፥ አንዱ ዝናብ ለዘሪው ሌላ፥ ጣራው ለሚያፈስበት ሌላ፥ ከውቅያኖስ ማዶ በደሴት ለሚኖረው ደግሞ ሌላ ነውና። ንባቦቹን ከየወሩ ጠባይ አንሥቼ ያሰናዳሁ እኔ ነኝ። ሐተታው ከሰፈሩ ልማድ፥ ከቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈልና የአየር ጠባይን ከሚያጠኑ ሰዎች ሥራ የተሰበሰበ ነው። የሁሉም ማሠሪያ ይህ ነው፤ ዝናብን በአንድ ፍቺ ብቻ የሚያነብ ሰው ራሱ ይጎዳል፥ ጎረቤቱንም ያስጎዳል።

ልደታ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ያለች የአዲስ አበባ ሰፈር ናት። በሰሜን በኩል እንጦጦ ከ3,000 ሜትር አልፎ ይታያታል። አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት አራት ወራት ይወርዳል። ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን ለአራት ትከፍለዋለች፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፥ መፀው እስከ ታኅሣሥ 25፥ በጋ እስከ መጋቢት 25፥ ጸደይ እስከ ሰኔ 25። የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ ለሦስት ይከፍለዋል፤ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም፥ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፥ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት። አከፋፈሉ ቢለያይም ሰማዩ አንድ ነው፤ ሁለቱም ይነበባሉ።

ንባብ። ግንቦት ማዕዷን በሜዳ ትዘረጋለች፤ ዐይኗን ግን ከሰማይ አትነቅልም።

«ማዕዷን በሜዳ ትዘረጋለች» አለ፤ የልደታን በዓል ሲናገር ነው። ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችን ልደት ይከበራል። ሐናና ኢያቄም በሊባኖስ ተራራ ሳሉ፥ ከቤት ርቀው በሜዳ ወለዷት ስለሚባል፥ የሰፈሩ ሰው በዓሉን ከደጅ ውጭ ያደርገዋል። ስንዴው፥ ባቄላው፥ ሽምብራው፥ በቆሎው በአንድ ትልቅ ብረት ድስት ይቀቀላል፤ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ ዳቦው ይቆረሳል፤ ቡናው ይፈላል። ያላዋጣም የመንገድ አላፊም «ኑ ቅመሱ» ይባላል።

«ዐይኗን ከሰማይ አትነቅልም» አለ፤ የግንቦት ዝናብ አይታመንምና። ከድስቱ ሥር እሳቱን የምትቆሰቁሰው እናት ቀና ብላ በእንጦጦ በኩል ታያለች፤ የጠቆረ ነገር ካየች «ልጆች፥ ላስቲኩን አቅርቡ» ትላለች። በአንድ በኩል ንፍሮው እንዳይረጥብባት ትፈራለች፤ በሌላ በኩል ዝናቡ ቢቀር ደግሞ በገጠር ያለ ወንድሟ የሚዘራበት መሬት እንደማይለሰልስ ታውቃለች። አንዱ ደመና ስጋትም ተስፋም ሆነባት።

አንድም፥ ግንቦት በሁለት ባሕር መካከል ያለች ወር ናት። የበልጉ እርጥበት በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስ በደቡብ ምሥራቅ ነፋስ የመጣ ነው፤ በግንቦት ይህ ነፋስ እየደከመ ይሄዳል። የክረምቱ ነፋስ ደግሞ ገና አልጸናም። ሰማዩ የሚያመነታው ስለዚህ ነው።

አንድም፥ ግንቦት ለደሴቶች የጭንቅ መጀመሪያ ናት። በአትላንቲክ ውቅያኖስ የሃሪኬን ወቅት የሚባለው በፈረንጆች ሰኔ 1 ይከፈትና ኅዳር 30 ይዘጋል፤ በእኛ ቢቆጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ማለት ነው። የካሪቢያን ደሴት ሰው በእነዚህ ስድስት ወራት የመስኮቱን መዝጊያ ጣውላ፥ የውኃ ጀሪካኑንና ባትሪውን አዘጋጅቶ ይኖራል።

ታሪክ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. መኩኑ የተባለ ዐውሎ ነፋስ በሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ የሶቆጥራን ደሴት መታ፤ አልፎም በኦማን ጠረፍ ወደ የብስ ገባ። ዝናቡም ሩብ አል ኻሊ በተባለው ታላቅ በረሓ ላይ ወረደ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ሉባን የተባለ ሌላ ዐውሎ ነፋስ ተከተለ። ደርቆ የኖረ አሸዋ ሲረጥብ የበረሓ አንበጣ ተራባበት፤ ትውልድ በትውልድ ላይ እየጨመረ ቀይ ባሕርንና የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ተሻገረ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በሐረርጌ፥ በራያና በወሎ የደረሰ ማሽላና ጤፍ የበላው ያ አንበጣ ነው፤ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ መንጋ አልታየም ብሏል። የሶቆጥራ ማዕበል በወሬ ሲሰማ የሩቅ ነገር መስሎ ነበር። ሲውል ሲያድር ግን የወሎ ገበሬ በአዝመራው መካከል ቆሞ ጅራፍ እያጮኸ፥ ቆርቆሮ እየደበደበ አንበጣ ሊያባርር ወጣ። ስለዚህ «ዐይኗን ከሰማይ አትነቅልም» ሲል የራስን ሰማይ ብቻ አላለም፤ የደሴቱንም ሰማይ ጨምሮ ነው።

ንባብ። ሰኔ ደመናን ይጠራል፤ ሦስትም መንገድ ያሳያል።

«ደመናን ይጠራል» አለ። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል የሰሜንና የደቡብ ነፋሳት የሚገናኙበት ቀጠና አብሯት ወደ ሰሜን ይወጣል፤ እርጥበት የያዘ አየርም ይከተለዋል። ከወዴት ቢሉ፥ አንዱ ከአትላንቲክ፥ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ የኮንጎን ጫካ አቋርጦ የሚመጣው ነው። አንዱም በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ፥ ሞሪሺየስና ሬዩንዮን በሚገኙበት በማስካሬን ደሴቶች አካባቢ ያለው ከፍተኛ የአየር ግፊት የሚገፋው ነው። ይህ አየር ከኢትዮጵያ ተራሮች ሲጋጭ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘንባል። እንግዲህ ልደታ ላይ የሚወርደው ጠብታ ከእንጦጦ የመነጨ አይደለም፤ ከባሕር የመጣ እንግዳ ነው።

«ሦስትም መንገድ ያሳያል» አለ። ሜትዮሮሎጂ የወቅቱን ትንበያ ሲያወጣ «ከመደበኛ በላይ፥ መደበኛ፥ ከመደበኛ በታች» ብሎ የሦስቱንም ዕድል በመቶኛ ያስቀምጣል። ሰሚው ግን ብዙ ጊዜ ትልቁን ቁጥር ብቻ ይዞ ይሄዳል። ለምሳሌ ከመደበኛ በላይ የመዝነቡ ዕድል 45 በመቶ ነው ቢባል፥ «ዘንድሮ ይዘንባል ተብሏል» ብሎ ያወራል። የቀረው 55 በመቶ ወዴት ሄደ? ትንበያው ራሱ አንድምታ ነው። ይህ ይሆናል፤ አንድም ያኛው ይሆናል፤ አንድም ሦስተኛው ይሆናል እያለ የሚናገር ነው። ጥሩ ገበሬ ሦስቱንም ይሰማል፤ ከማሽላው ጎን ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ወይም ሽምብራ ያስባል። የከተማ ሰውም ሦስቱንም ቢሰማ ቦዩንም ይጠርጋል፥ ውኃውንም ያጠራቅማል።

ታሪክ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሰላማዊ ውቅያኖስ ውኃ ከወትሮው ሞቆ ኤልኒኖ ሆነ። ክረምቱ በሰሜንና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከዳ፤ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ያው ኤልኒኖ በአትላንቲክ ላይ ሲሆን ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ከላይና ከታች ያሉት ነፋሳት ፍጥነትና አቅጣጫቸው እንዲለያይ ያደርግና የሚነሣውን ዐውሎ ነፋስ አናቱን ቆርጦ ያዳክመዋል። ስለዚህ በዚያው ዓመት በአትላንቲክ የተነሡት ከወትሮው ያነሱ ነበሩ። የእኛ ድርቅ ለደሴት እፎይታ ሆነ ማለት ነው።

ይህስ ፈጽሞ እፎይታ ነውን ቢሉ፥ አይደለም። በዚያው ዓመት ነሐሴ 21 ቀን ኤሪካ የተባለች፥ ሃሪኬን ለመባል እንኳ ያልደረሰች ማዕበል በዶሚኒካ ደሴት ላይ በአንድ ቀን ብርቱ ዝናብ አውርዳ ተራራውን ናደች፤ ሰዎችም ሞቱ። «ከመደበኛ በታች» የተባለ ዓመት ለአንዲት ደሴት የመከራ ዓመት ሆነ። አንዱን ፍቺ ብቻ ይዞ የተኛ ሰው የሚደርስበት ይህ ነው።

ንባብ። ሐምሌ በጣራ ይናገራል፤ በቦይ ይጮኻል፤ በአዋሽ ይደክማል።

«በጣራ ይናገራል» አለ። በልደታ ከፊሉ ሰፈር በመልሶ ማልማት ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል፤ የቀረው የጭቃና የቆርቆሮ ቤት ነው። በሐምሌ ማታ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሰው ከሰው ጋር ለመነጋገር ድምፁን ያነሣል። ጣራው የሚያፈስበትን ቦታ ቤተኛው ሁሉ ያውቀዋል፤ አልጋው ከዚያ ይሸሻል፤ ሳፋው እዚያ ይቀመጣል፤ ከሰሉ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ነፋስ እንዳይገለብጠው ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ይጫናል።

ሒሳቡን እናስላው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። አዲስ አበባ በሐምሌ ብቻ በአማካይ ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ስለዚህ 20 ካሬ ሜትር በሆነች አንዲት ጣራ ላይ በወር ውስጥ ከ5,000 ሊትር በላይ ይወርዳል፤ በባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ቢቀዳ 250 ጀሪካን ነው። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ለሚደርሰው ቤት ይህ በረከት ነው፤ አሸንዳ ገጥሞ በርሜል ለሚያስቀምጥ ሰው ሐምሌ ልብስ ማጠቢያውን ይሰጠዋል። አሸንዳ ለሌለው ግን ያው 250 ጀሪካን በግድግዳው ሥር እየፈሰሰ ጭቃውን ያፈርስበታል።

«በቦይ ይጮኻል» አለ። ከላይ ሰፈር የወረደው ወደ ታች ሰፈር ይሄዳል፤ ቦዩ ክፍት ከሆነ ያልፋል፤ በፌስታል፥ በፕላስቲክ ጠርሙስና በግንባታ አፈር ከተደፈነ መንገዱን ወንዝ ያደርገዋል። በላይ ሰፈር ያለው ሰው ቆሻሻውን ቦዩ ውስጥ ሲጥል ከዓይኑ ጠፋለት፤ በታች ሰፈር ላለው ግን ከነጎርፉ ከደጁ ደረሰበት። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአንድ ቀን የወረደ ዝናብ ያመጣው ድንገተኛ ጎርፍ የሰው ሕይወት አጥፍቷል።

አንድም፥ ጎርፍ ዝናቡ በወረደበት ብቻ አይገኝም። ሐምሌ 1998 ሊያልቅ ሲል ዝናቡ የወረደው ከድሬዳዋ በላይ ባለው የሐረርጌ ደጋ ነበር። ደቻቱ የተባለው የከተማዋ ወንዝ ግን በበጋ ደርቆ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፥ ነጋዴ ዕቃ የሚዘረጋበት አሸዋ ነበርና፥ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ የጠበቀው አልነበረም። ከ250 በላይ ሰው አለቀ። የተኙት ከራሳቸው ሰማይ በቀር ሌላ አላነበቡም፤ የደጋውን ሰማይ የሚያነብላቸውና የሚነግራቸውም አላገኙም። ከዚህ የምንማረው ማስጠንቀቂያ ከዝናቡ ቀድሞ መድረስ እንዳለበት ነው።

«በአዋሽ ይደክማል» አለ። የልደታ ውኃ ወደ ትንሹ አቃቂ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፥ ከዚያ ወደ አዋሽ። አዋሽ በቆቃ፥ በወንጂ፥ በመተሐራ አልፎ የአፋርን ምድር ያጠጣና ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ይጠፋል። ባሕር አይደርስም። በደረቅ ወራት አዋሽን የሚለምን አርብቶ አደር በነሐሴ ያው ወንዝ ከዳርቻው ወጥቶ ቤቱን ይወስድበታል፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምት በአፋር የሆነው ይኸው ነው። የልደታ ፌስታልም፥ የልደታ ቆሻሻ ውኃም ወደዚያው ይሄዳል። ስለዚህ ቦይ መጥረግ ለራስ ብቻ የሚደረግ ሥራ አይደለም፤ ለማናውቀው የአፋር ጎረቤት የሚደረግ ምጽዋት ነው።

ንባብ። ነሐሴ የቁራን ጫጩት ትመግባለች፤ ደሴቶችንም ታስባለች።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ክረምትን በየክፍሉ ሰይመውታል፤ የዘርና የደመና ጊዜ አለ፥ የመብረቅና የነጎድጓድ ጊዜ አለ፤ ከነሐሴ 10 ገደማ እስከ 27 ያለውን ደግሞ ዕጓለ ቋዓት፥ ደሰያት፥ ዐይነ ኵሉ ብለውታል። የቁራ ጫጩቶች፥ ደሴቶችና ተስፋ የሚያደርግ ሁሉ ዐይን ማለታቸው ነው። የቁራ ጫጩት መጋቢ የሌላት ስትመስል እግዚአብሔር ይመግባታል። ደሴትም በውኃ ተከባ ሳለች ውኃው እንዳይውጣት የሚጠብቃት አለ። የሁሉም ዐይን ወደ እርሱ ያያል። የረሃብ ወር በሆነችው ነሐሴ፥ የአምናው እህል ከጎተራ ሊያልቅ የዘንድሮው ገና ሳይደርስ፥ ይህን ማሰብ የተገባ ነበር።

አንድም፥ ደሴቶች የተባሉት በጣና ያሉት ናቸው። ዳጋ እስጢፋኖስ፥ ክብራን ገብርኤል፥ ጣና ቂርቆስ በነሐሴ ውኃው እየቀረባቸው ይሄዳል፤ ሐይቁ ከፍ ብሎ የሚታየው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ከዙሪያው ያሉ ወንዞች ክረምቱን ሙሉ ሲገብሩለት ይቆያሉና። ለመነኮሳቱ ዝናቡ የሐይቁ እናት ነው፤ ታንኳ ለሚቀዝፈው ግን ማዕበሉ ነው።

አንድም፥ ደሴቶች የተባሉት ከውቅያኖስ ማዶ ያሉት ናቸው። ይህ እንዴት ይሆናል ቢሉ፥ ሐተታው እንዲህ ነው። በክረምት ሰሐራ ይግላል፤ ከደቡቡ ያለው የጊኒ ጠረፍ ደግሞ ርጥብና ቀዝቃዛ ይሆናል። በሁለቱ መካከል፥ ከምድር ሦስትና አራት ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ፥ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ ይፈጠራል። በኢትዮጵያ ደጋና በዳርፉር ተራሮች ላይ የሚነሣው የከሰዓት ነጎድጓድ ያን ነፋስ ይረብሸዋል፤ ነፋሱም መታጠፍና መወዛወዝ ይጀምራል። ገመድን በአንድ ጫፍ ይዘው ቢያወዛውዙት ገመዱ ሳይሄድ ሞገዱ ይሄዳል፤ የእኛም ደመና እዚሁ ዘንቦ ያልቃል፥ ሞገዱ ግን ሱዳንን፥ ቻድን፥ ኒጀርን፥ ማሊን አልፎ ከሳምንት በላይ ተጉዞ ከሴኔጋል ጠረፍ ይወጣል። በየሦስትና በየአምስት ቀኑ አንድ ሞገድ ያልፋል፤ በዓመት 60 ገደማ ይሆናል።

አብዛኛው ሞገድ ጉዳት ሳያደርስ ይበተናል። ጥቂቱ ግን ከ26 ዲግሪ ተኩል በላይ የሞቀ የባሕር ውኃ ሲያገኝ፥ ከላይ የሚቆርጠው ነፋስም ሲጎድል፥ በራሱ ዙሪያ መሽከርከር ይጀምራል፤ ሃሪኬን ይሆናል። በአትላንቲክ ከሚነሡት እጅግ ብርቱ ሃሪኬኖች 85 በመቶ ያህሉ ከእነዚህ የአፍሪካ ሞገዶች የሚወለዱ ናቸው። በ1992 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ አልቤርቶ የተባለው ሃሪኬን ሲነሣ አጥኚዎች በሳተላይት ምስል ወደ ኋላ ተከታትለው ጅማሬውን ያገኙት ከኢትዮጵያ ደጋ በተነሣ የነጎድጓድ ደመና ላይ ነው። ቀደም ሲልም ዊልያም ግሬይ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በምዕራብ አፍሪካ ሳሕል ጥሩ የዘነበባቸው ዓመታት በአሜሪካ ጠረፍ ብርቱ ሃሪኬን የበዛባቸው መሆናቸውን በ1990 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አሳይቷል።

እንግዲህ ምሥጢሩን እንይ። ባሕር በሰኔ እርጥበቱን ላከልን፤ እኛም በነሐሴ ሞገዱን ወደ ባሕር ላክን። ውኃችን በአቤ ሐይቅ ይቀራል፥ ነፋሳችን ግን ውቅያኖስ ይሻገራል። ሊቃውንቱ በነሐሴ ደሴቶችን አስቡ ሲሉ ይህን የአየር መንገድ ለመናገር አልነበረም፤ እኛ ግን ዛሬ ከእነርሱ ፍቺ ጎን «አንድም» ብለን ብናቆመው ነውር የለበትም። ደሴትን ማሰብ የሚገባበት ወር በትክክል ደሴት የምትጨነቅበት ወር ሆኖ ተገኝቷልና።

ንባብ። ጳጉሜን ሰማይን ትከፍታለች፤ ባሕርም ይሰማታል።

ጳጉሜን 3 ቀን የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ነው፤ ሰማይ የሚከፈትበት ዕለት ይባላል። በዚያ ቀን የሚወርደው ዝናብ ጠበል ነው ብሎ ሕዝቡ ያምናል። የልደታ ልጆች ከወገብ በላይ ተራቁተው ወደ መንገድ ይወጣሉ፤ እየዘለሉ ይጠመቃሉ፤ እናቶች ባልዲና ድስት ከደጅ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ውኃ ጥቂት ወደ ሊጡ ይጨምራሉ። ሐምሌን ሙሉ «ግቡ፥ ብርድ ይመታችኋል» ሲባሉ የከረሙ ልጆች ያን ቀን የሚከለክላቸው የለም።

አንድም፥ በአትላንቲክ የሃሪኬን ወቅት ጣሪያ የሚነካው በፈረንጆች መስከረም 10 አካባቢ ነው፤ ይህም በእኛ ጳጉሜን 5 ነው። ውቅያኖሱ ክረምቱን ሙሉ ሲሞቅ ቆይቶ በዚያን ጊዜ ይጠግባል። ጳጉሜን 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ኢርማ የተባለው ሃሪኬን በባርቡዳ ደሴት ላይ አለፈ። ጅማሬው ዐሥር ቀን አስቀድሞ ከአፍሪካ ምዕራብ ጠረፍ የወጣ ሞገድ ነበር። አብዛኛው ቤት ፈረሰ፤ ሌላ ማዕበል ይከተላል ተብሎ የደሴቷ ነዋሪ በሙሉ ወደ አንቲጓ ተወሰደ። የሩፋኤል ዕለት፥ የልደታ ልጆች ደስ ብሏቸው በዝናብ ሲዘልሉ፥ የባርቡዳ ልጆች በጀልባ እየተጫኑ ከአገራቸው ይወጡ ነበር። ይህን የምጽፈው የልጆቹን ደስታ ለማደብዘዝ አይደለም፤ ደስታው እውነት ነው፤ ጭንቁም እውነት ነው። «ሰማይን ትከፍታለች» የሚለው ንባብ ሁለቱንም ይሸከማል።

ንባብ። መስከረም ለአንዱ አደይ፥ ለአንዱ ማዕበል ትይዛለች።

«ለአንዱ አደይ» አለ፤ ለእኛ ነው። ዝናቡ ወደ ከሰዓት ይሰበሰባል፤ ጠዋቱ ይፈካል፤ የእንጦጦ ዳገት ቢጫ ይለብሳል፤ መስከረም 17 ደመራው ካለቀ በኋላ ሰው ክረምቱን ያሰናብታል።

«ለአንዱ ማዕበል» አለ። ታሪክ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካ ሲገቡ በኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ የጠበቃቸው ሕዝብ በዝናብ ርሶ እንደነበር፥ አውሮፕላኑ ሲቀርብም ዝናቡ እንዳቆመ ራስተፈሪያን እስከ ዛሬ ይተርካሉ። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በዚያች ደሴት ተተከለች፤ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባት ያገለገሉባት ናት። በልደታ የሚዜመው የነሐሴ ዜማ ከዚያ ወዲህ በደሴት ያለች ቤተ ክርስቲያንም ዜማ ሆነ። መስከረም 2 ቀን 1981 ዓ.ም.፥ እንቁጣጣሽ ባለፈ በማግስቱ፥ ጊልበርት የተባለው ሃሪኬን ጃማይካን ከምሥራቅ ጫፍ እስከ ምዕራብ ጫፍ አቋርጦ አለፈ። እኛ አደይ ስንለቅም እነርሱ የተነቀለ ጣራ ይሰበስቡ ነበር።

ንባብ። ጥቅምት በልደታ ይዘጋል፤ በጃማይካ ይከፍታል።

በአዲስ አበባ የጥቅምት ዝናብ ከሐምሌው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ብርዱ ይገባል፤ ገበሬው ሰብሉ እንዳይረግፍበት ደመናን ይለምናል፥ አትምጣ ብሎ። በጃማይካ ግን ዝናብ ሁለት ጊዜ ከፍ ይላል፤ አንዱ በግንቦት አካባቢ፥ ትልቁ በጥቅምት ነው። በሐምሌ፥ እኛ ጣራ በምንከድንበት ወር፥ እነርሱ ዘንድ ዝናብ ጋብ ይላል። በሁለት አገር አንድ ወር ተቃራኒ ፊት ያሳያል። ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ሜሊሳ የተባለው ሃሪኬን፥ ከደረጃዎች ሁሉ በላይ በሆነው በ5ኛው ደረጃ ላይ ሳለ ጃማይካን መታ። በዚያ ቀን በልደታ ሰማዩ የጠራ ቢሆን፥ «የጠራ ሰማይ» የሚለው ንባብ ለልደታ ብቻ የተነገረ ነበር።

ንባብ። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ሰማይ ዝም ይላል፤ አንዳንዴም ይመልሳል።

«ዝም ይላል» አለ፤ ኅዳር፥ ታኅሣሥና ጥር ደረቅ ናቸው፤ ሌሊቱ ይበርዳል፤ በደጋው ውርጭ ይወርዳል። ኅዳር 21 የጽዮን በዓል ሲደርስ የሃሪኬኑም ወቅት ይዘጋል። «አንዳንዴም ይመልሳል» አለ፤ ከየካቲት ጀምሮ በልግ ይመጣል፥ ወይም ይቀራል። በልግ ለአዲስ አበባ ሰው አቧራ ማስተኛ ሊመስለው ይችላል፤ ለደቡብ ወሎና ለሰሜን ሸዋ የበልግ አራሽ ግን የዓመት እህሉ ነው።

ተግሣጽ።

ዝናብን በረከት ብቻ ነው ብሎ ያነበበ ቦዩን አይጠርግም። ጎርፍ ብቻ ነው ብሎ ያነበበ ደግሞ በርሜል አያስቀምጥም። የእኔ ሰማይ ብቻ ነው ያለ፥ ደቻቱ ሲሞላ ተኝቶ ይገኛል። የሩቅ ደሴት ወሬ ነው ያለ፥ አንበጣው ከማሳው ሲያርፍ ይደነግጣል። ስለዚህ ሦስት ነገር እንያዝ። የሜትዮሮሎጂን ትንበያ ስንሰማ ሦስቱንም ቁጥር እንስማ፤ ለትልቁ ብቻ ሳይሆን ለትንሹም እንዘጋጅ። የደጃችንን ቦይ ክረምቱ በሰኔ 26 ከመግባቱ በፊት፥ አፈሩ ደረቅ ሳለ እንጥረግ፤ ወረዳውም ዕድሩም በዚያ ሳምንት አካፋ ያውጣ። በነሐሴ ስለ ዝናምና ስለ ወንዞች በሚጸለይበት ጊዜ ደግሞ ታች ያለውን የአፋር ጎረቤትና ማዶ ያለውን የደሴት ሰው በልባችን ስማቸውን ጠርተን እናስባቸው፤ አደጋ ሲደርስባቸውም እጃችንን እንዘርጋ። ባሕሩ የላከልን እርጥበት የአደራ ገንዘብ ነው፤ አደራም በአንድ ሰው ፍቺ ብቻ አይበላም።